ጎማ ማስቀየር ወይስ ራስ መቀየር? የአንድ ዓመት ደብተሬ የነገረኝ

ዛሬ እሁድ ስለሆነ የእሸት ቡና ዋጋ የለም። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ መውጣት የነበረበትን የአለታ ወንዶ ዋጋ በማግስቱ ረፋድ ላይ ስለለጠፍኩ ብዙዎቻችሁ «ምነው ጠፋህ?» ብላችሁኛል። አንድ ወንድማችን እንዲያውም የሌላውን ጣቢያ ዋጋ ሳያውቅ ጠዋት ቡናውን አስረክቦ፣ በኋላ ልዩነቱን ሲያይ ተናዶ ጽፎልኛል። እውነቱን ነው፣ ይቅርታ። ምክንያቱ የሞተሬ የኋላ ጎማ ነበር። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፍ ስለ ጎማ ነው።

አዲስ ለገባችሁ፦ እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው የለቀማ ወቅት በቦክሰር ሞተር ይርጋለምና አለታ ወንዶ እየተመላለስኩ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችን ዋጋ እሰበስባለሁ። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ወደ ጣቢያዎቹ የሚያስገባው ግን ጠጠር ነው። ስለዚህ ጎማ ለእኔ እንደ ነዳጅ ቋሚ ወጪ ነው፣ በደብተርም ይመዘገባል።

ነገሩ የጀመረው አምና መስከረም ላይ ነው። የኋላው ጎማ ጥርሱ አልቆ ሙልጭ ብሎ ነበር። አዲስ 3.00-17 ጎማ በ4,200 ብር ገዛሁ። (3.00 የጎማው ውፍረት በኢንች ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር። የፊቱ 2.75-17 ነው። ሻጭ «ይሄም ይሆናል» ቢላችሁ ቁጥሩን ሳታዩ አትቀበሉ።) በ2015 ዓ.ም. ይኸው ጎማ በደብተሬ 1,900 ብር ነው የተጻፈው። ጎማ ከውጭ የሚመጣ፣ በጂቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ነው። ጥሬ ጎማው ከታይላንድና ከኢንዶኔዥያ ዛፍ ይፈስሳል፣ የቀረው የነዳጅ ውጤት ነው፣ ሁሉም ደግሞ በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። የጎማውም ዋጋ ተከተለ።

በዚያ ላይ ጎሚስታው ማስቀየሪያ 250 ብር ሲለኝ ደሜ ፈላ። ድሮ 100 ብር ነበር። «ለአስር ደቂቃ ሥራ 250?» አልኩ በሆዴ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ዕቃ ገዛሁ፦ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት 700፣ መፍቻዎች 600፣ የእጅ መንፊያ 900፣ ማስቲሽና ልጥፍ 300። ድምሩ 2,500 ብር። የ250 ብር ወጪ ለማዳን 2,500 ማውጣቴ ያኔ አልታየኝም። ዕቃው ቋሚ ንብረት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። ቸርኬውን ማውጣት ቀላል ነበር። አሮጌውን ጎማ ማላቀቅም ላብ አስወጣኝ እንጂ አልከበደኝም። ጣጣው አዲሱን ማስገባት ላይ ነው። የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር አልገባ አለች። በብረቱ ጠመዘዝኩ፣ ቆምኩበት፣ በመጨረሻ «ጠብ» ብሎ ገባ። ነፋሁት። ሲስስስ...። ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ነክሼው ነበር። አዲስ ከመነዳሪ 600 ብር። እሱንም በማግስቱ ነከስኩት። ሌላ 600።

በሦስተኛው ቀን ቸርኬውን በባጃጅ ጭኜ ጎሚስታው ዘንድ ሄድኩ። ልጁ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ቀዳዳዎችን አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሚስማር አይደለም» አለ እየሳቀ፣ «ራስዎ ነዎት የበሱት።»

ከዚያ እያየሁት ሠራው። ከመነዳሪውን መጀመሪያ ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ነፋው፤ እኔ ባዶውን ነበር የከተትኩት፣ ለዚህ ነው እየታጠፈ ብረቱ ስር የገባው። የጎማውን ጠርዝ በሳሙና ውሃ ቀባው። ከቫልቩ ትይዩ ካለው ጎን ጀምሮ ቫልቩ ጋ ጨረሰ። ዋናው ግን ጉልበቱ ነው፦ በአንዱ ጎን ብረቱን ሲያነሳ በሌላው ጎን ጠርዙን በጉልበቱ ተጭኖ ወደ ቸርኬው መሐል፣ ጎድጓዳው ቦታ ውስጥ አስገባው። ጎማው ያኔ ላላ፣ ያቺ እኔን ያላበችኝ ስንዝር በእጁ መዳፍ ገባች። ኃይል ከፈለገ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው ይላል ልጁ።

ለሥራው 200 ብር ተቀበለኝ፤ ቸርኬውን ራሴ ፈትቼ ስላመጣሁ 50 ቀነሰልኝ። እንግዲህ ደምሩት፦ 250 ላለመክፈል 1,200 ብር ከመነዳሪ፣ 200 ብር ጎሚስታ፣ ሁለት ቀን ያለ ሞተር። ዕቃውን ሳልቆጥር።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። አላበቃም። ቸርኬውን መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከበሮ ፍሬን ያላችሁ ሰዎች የምለው ይገባችኋል፦ የኋላ ፍሬኑ ቤት ከጎማው ጋር እንዳይሽከረከር ከሞተሩ አካል ጋር የሚያስረው አንድ አጭር ዘንግ አለ። የዘንጉ ዳዶ ላይ እንዳይፈታ የምትቆልፍ ቀጭን ሽቦ ትገባለች። ያቺን ሽቦ ሳልመልስ ቀረሁ። ስጨርስ መሬት ላይ አይቻታለሁ፣ ከሌላ ዕቃ የወደቀች መስላኝ ኪሴ ከተትኳት። ዳዶው በጠጠር መንገድ ንዝረት እየተፈታ ቆየና በአራተኛው ቀን ወደቀ። ልጄን ከኋላ ጭኜ ትምህርት ቤት እያደረስኩ ነበር። አደባባዩ ጋ ስደርስ ፍሬን ስረግጥ ከስር «ቋ!» አለ፣ የፍሬኑ ቤት ዞረ፣ ጎማው ተቆለፈ፣ ሁለታችንም ወደቅን። በዝግታ ነበር የምሄደው። ከኋላችን ሚኒባስ እየመጣ ነበር፤ ሹፌሩ ቆመ። ልጄ ጉልበቷ ተላጠ፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቷ በእኔ ሞተር እንድትሄድ አትፈቅድም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በደብተሩ ላይ የተጻፈው «የፍሬን ዘንግና ሽቦ፣ ክሊኒክ፣ 1,150 ብር» ነው።

ዕቃዎቹን በካርቶን አድርጌ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኳቸው። ሁለተኛ አልነካም አልኩ። ሐሙስ ዕለት የተቀጣሁት ደግሞ በዚህኛው ውሳኔዬ ነው። ከአንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ወደ አስፋልቱ ስመለስ 11 ሰዓት ላይ ሚስማር ገባብኝ። መንፊያው ቤት ነው፣ ማስቲሹ ቤት ነው። ሞተሩን ገፋሁ፣ ከዚያ ቡና አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁና 500 ብር ከፍዬ ጫንኩት። ጎሚስታ ያለበት ስደርስ መሽቶ ዘግቷል። አንዲት ቀዳዳ የመድፈኛ ዋጋ በደብተሬ 150 ብር ነው፤ ያቺ ቀዳዳ ግን ማደሪያን ጨምሮ ከ1,000 ብር በላይ ወሰደች። የእናንተንም ዋጋ አዘገየች። ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ነበር፣ እሱ የራሴ ጥፋት ነው።

አርብ ማታ ደብተሩን ዘርግቼ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። የወጣው ነገር እኔንም ገረመኝ።

የኋላ ጎማ በዓመት አንዴ፣ የፊቱን በሁለት ዓመት አንዴ እቀይራለሁ። ራሴ ብቀይር በአማካይ የምቆጥበው በዓመት 350 ብር ግድም ነው። የ2,500 ብሩን ዕቃ ለመመለስ 7 ዓመት። በመሐል አንድ ከመነዳሪ ብነክስ ወደ 9 ዓመት ይጠጋል። ቀዳዳ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት 14 ጊዜ ተበስቻለሁ። ጎሚስታው ቸርኬውን ፈትቶ ደፍኖ ሲመልስ 150 ብር ነው፤ ራሴ ብደፍነው ልጥፉና ማስቲሹ 20 ብር ቢሆን ነው። 130 ብር በ14 ሲባዛ 1,820። ዕቃው በአንድ ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ራሱን ይከፍላል። የሐሙሱ ዓይነት ምሽት ቢያድነኝማ በዚያው ቀን ግማሹን መለሰ።

ሌላም ልዩነት አለ፣ ለእኔ ከብሩ ይበልጣል። ቀዳዳ ለመድፈን ቸርኬውን ማውጣት አያስፈልግም። ሞተሩ ቆሞ፣ የጎማውን አንድ ጎን ብቻ ከቸርኬው አስወጥቶ፣ የተበሳውን የከመነዳሪ ክፍል ጎትቶ ማውጣት ይቻላል። ፍሬኑ አይነካም፣ ሰንሰለቱ አይነካም፣ ያቺ ሽቦ ከቦታዋ አትነሳም። ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ። ማስቲሹን ቀብታችሁ ወዲያው አትለጥፉ፤ በጣት ጀርባ ሲነካ የማይነሳ እስኪሆን ይድረቅ። ሁለተኛ፣ ከመነዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱ፣ ሚስማሩ እዚያው ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። እኔ በእጄ ዳብሼ ጣቴን ቆርጦኛል።

ሦስተኛው ቁጥር ደግሞ ማንም የማይጨቃጨቅበት ነው። ለአዲስ ጎማ ከማወጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ የጎሚስታው ድርሻ 6 ብር እንኳን አይሞላም፤ በ2015ም 5 ብር ነበር። የቀረው ጎማው ራሱ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው የኋላ ጎማ 14 ወር አገልግሎኛል። አምና የገባው በ9 ወር አለቀ። መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው። ልጁን ብጠይቀው የጎማውን ዳርና ዳር አሳየኝ፦ መሐሉ ጥርስ አለው፣ ጠርዞቹ ተበልተዋል። «አየር አንሶት ነው የሮጠው ጋሼ» አለኝ። መንፊያውን ቁም ሳጥን ላይ ከሰቀልኩ ወዲህ አየር ለክቼ አላውቅም ነበር። 4,200 ብር በ14 ወር ሲካፈል በወር 300፣ በ9 ወር ሲካፈል 467 ነው። ልዩነቱ በዓመት 2,000 ብር። በ250 ብር ስቃጠል በጎን 2,000 እያፈሰስኩ ነበር ማለት ነው። የአየር መለኪያ 450 ብር ገዛሁ። የእኔ ሞተር ብቻዬን ስሆን ለኋላው 28፣ ሰው ሲጫን 32 ይላል፤ የናንተን ከሞተራችሁ መጽሐፍ እዩ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ።

ስትገዙም ዕድሜውን ተመልከቱ። በጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ለብቻዋ የተጻፈች አለች። 3522 ካለ በፈረንጆች 2022፣ በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ የአምስት ዓመት ጎማ በአዲስ ዋጋ ሊሸጥልኝ የሞከረ ሰው ገጥሞኛል፤ ቁጥሩን ሳነብለት «እሱ የፋብሪካ ኮድ ነው» አለኝ።

አሁን ያደረግኩት ይኼ ነው፦ መንፊያው፣ ሁለቱ ብረቶችና ማስቲሹ ከወንበሩ ስር ታስረዋል። የሚቀጥለው ጎማ ሲያልቅ ልጁ ዘንድ ሄጄ 250 እከፍላለሁ። ቸርኬውንም እሱ ፈትቶ እሱ ይገጥመዋል። ስነሳ ግን ጎንበስ ብዬ ያቺን ሽቦ አያታለሁ፤ ልጁ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ ምክንያቱን ስነግረው አሁን ራሱ ጠርቶ ያሳየኛል።

እነዚህ ዋጋዎች የእኔ ደብተርና የአንድ ጎሚስታ ናቸው፤ የሌላ ከተማ ይለያል። በአስተያየት መስጫው ላይ ከተማችሁን፣ የቀዳዳና የማስቀየሪያ ዋጋችሁን ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እሁድ በሰንጠረዥ አወጣዋለሁ። የነገው የይርጋለምና የአለታ ወንዶ እሸት ቡና ዋጋ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይለጠፋል።