አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትና ጠባቂዎቻቸው

በእንግሊዝና በዌልስ ገጠሮች ምእመን የራቃቸው ብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የቀድሞው የፓርላማ አባል አይቮር ቡልመር-ቶማስ እነዚህን ከመፍረስ የሚታደግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1957 መሠረቱ፤ «ወዳጅ የሌላቸው አብያተ ክርስቲያናት ወዳጆች» ይባላል። ዛሬ ከ60 በላይ ሕንፃዎችን ይጠብቃል።

የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ሥራ ለወሬ የሚበቃ አይመስልም፦ በር መክፈትና መዝጋት፣ መጥረግ፣ ከሁሉም በላይ ግን አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመውን ቅጠል ማውጣት። አሸንዳ ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፤ የጣሪያው እንጨት ይበሰብሳል፤ በኖራ ልስን ላይ የተሣለ የመካከለኛው ዘመን ሥዕልም ይላላጣል። እርጥቡን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ኖራ እርጥበትን ሲያስወጣ ሲሚንቶ አምቆ ይይዘዋልና። የሌሊት ወፎችም አሉ። ኩሳቸው የነሐስና የእብነ በረድ ቅርሶችን ይበላል፤ ሆኖም የሌሊት ወፎቹ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ማባረር አይቻልም። ምን ይደረግ፣ መጥረግ ነው!

በጎ ፈቃደኞቹ ወደ ሌሎች አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት የሚያደርጉት ጉብኝትም ሽርሽር ብቻ አይደለም። ተራ ጎብኚ ሥዕሉን አይቶ ይወጣል፤ አሸንዳ ጠርጎ የሚያውቅ ሰው ግን ግድግዳው የት እንደረጠበና ጥገናው በምን እንደተሠራ ይመረምራል።