ፈላጊዋ የተመናት ብር

በጃናሞራ ወረዳ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ አቅራቢያ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት እዚያ ነው። ስሜን ላይ አዲስ ንጉሥ ዘውድ ሲደፋ፣ በየገበያው የምትዘዋወረው ትልቋ ገንዘብ ግን የሌላ አገር ሴት ምስል የታተመባት ነበረች፤ ከሞቱ 74 ዓመት ያለፋቸው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ። አባቶቻችን ጠገራ ብር ይሏታል።

ጠገራ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ፊቷ ሙላት ያላቸው ንግሥት የመበለት ሻሽ ተከናንበው ይታያሉ፤ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ጠርዟ ላይም ጽሑፍ ስላለ ማንም ሸርፎ ሊቀንሳት ቢሞክር ወዲያው ይታወቅበታል። ንግሥቲቱ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ዓመት ብትመታ የምትይዘው ቁጥር ያው 1780 ነው። ሌላ ዓመት፣ ሌላ መልክ ያለውን ተቀባዩ አልቀበልም ስላለ ነው።

ተቀባዩም ጠንቃቃ ነበር። ብሯን አገላብጦ ያያል፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ያለውን ጌጥ የከበቡትን ዕንቁዎች ይመረምራል፤ ፊቷ የተፋቀባትን ይመልሳል። ከምጽዋ በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር የሚገባ ነጋዴ ይህን ፍተሻ ሳያልፍ እህልም በግም አይገዛም።

ብዙ የውጭ ተጓዦች ይህን ያገራችንን ሰው ልማድ እንደ ግትርነት ቆጥረውት አልፈዋል። እኔ ግን የብልህ ሰው ሥራ ሆኖ አየዋለሁ። በግ ሸጦ ጠገራ የተቀበለ የጃናሞራ ገበሬ የሚያስበው ነገ ስለሚቀበለው ሰው ነው። ጎረቤቱ እንደሚፈልጋት ያውቃል፤ ጎረቤቱም ሌላው እንደሚፈልጋት ያውቃል። ገበያ ባይኖር እንኳ አንጥረኛ ያቀልጣታል፤ የአንገት መስቀል ወይም የእግር አልቦ ትሆናለች። ወይም ባለቤቱ በማሰሮ አድርጎ ይቀብራታል።

ነገሩ የንጹሕ ብሩ መጠን ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳየው የዐፄ ምኒልክ ብር ነው። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ የታተመው ይህ ብር በክብደትም በጥራትም ከጠገራ አያንስም፤ የራሳችን ንጉሠ ነገሥት መልክና አንበሳ ነበረበት። ገበያው ግን አሮጊቷን መረጠ። ጣሊያኖችም እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ማርያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ያለበት ብር አሳትመው ነበር፤ ተቀባይ አጣ። የንጉሥ አዋጅ ያላስለወጠውን፣ የባዕድ አገር ማስመሰያም አላስለወጠውም።

ከጠገራ በታች ያለው መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር ምድር ተቆርጦ፣ በበቅሎና በግመል ደጋ የሚወጣው አሞሌ ከመቆፈሪያው በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህንኑ ታዝቦ ጽፏል። ጨው ካለበት ቦታ የሚኖር ሰው በአንድ ጠገራ ብዙ አሞሌ ያገኝ ነበር፤ ጎንደር የሚኖረው ግን ጥቂት ብቻ። ጨው ያው ጨው ነው፤ የተለወጠው የመጓጓዣው ድካምና የሰዉ ጉጉት ነው።

ጠገራ በምትታተምባት ቪየና፣ ካርል ሜንገር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ነገር ዋጋ በነገሩ ውስጥ ተቀብሮ እንደማይገኝና በፈላጊው ሰው ፍላጎት እንደሚወሰን አስተማረ። በዚያው ዘመን የከተማዋ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ማርያ ቴሬዛን መምታቱን ቀጥሎ ነበር፤ ብሯም ስሜንና ጎንደር ላይ ያለ ፊደል ትምህርት ይህንኑ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ትገባ ነበር።

መንግሥት በ1937 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ ጠገራን የሚለቅ ሰው እንዲገኝ ብር ያለበት የ50 ሳንቲም መሐለቅ አብሮ አወጣ። ዛሬ የምንይዘው ወረቀት ብር የሚባለው በእሷ ስም ነው። የቪየናው ማተሚያ ቤትም አሁን ድረስ ያትማታል፤ ዓመቷ ያው 1780 ነው።