ከፖለቲካ ነጻነትና ተጠያቂነት፦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በዳሪል ጌትስ ዘመን

የአንድ ከተማ ፖሊስ አዛዥ በከንቲባው ፈቃድ ብቻ የሚሾምና የሚሻር ከሆነ፣ ሕግ አስከባሪው ተቋም የፖለቲከኞች መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ሎስ አንጀለስ ይህን አደጋ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቻርተሯን አሻሽላ ለአዛዡ የሲቪል ሰርቪስ ዋስትና ሰጠች። የሹመት ዘመኑ ገደብ አልነበረውም፤ በቂ ምክንያት ካልተረጋገጠበት በስተቀርም አዛዡ ከኃላፊነት አይነሣም ነበር። ዋስትናው ያስከተለው ችግር ከ1978 እስከ 1992 መምሪያውን በመሩት በዳሪል ጌትስ ዘመን ጎልቶ ታየ።

ጌትስ በ1949 በፖሊስነት ተቀጥረው ከዝቅተኛው ማዕረግ ያደጉ መኮንን ነበሩ። ስዋት የተሰኘው ልዩ ኃይል ሲቋቋም ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። ደጋፊዎቻቸው ከከተማዋ ስፋት አንጻር በቁጥር አነስተኛ የሆነ ኃይል በብቃት መርተዋል ይላሉ። በአንጻሩ በ1980ዎቹ መገባደጃ በወሮበላ ቡድኖች ላይ የተካሄደው «ኦፕሬሽን ሀመር» በጥቁሮችና በላቲኖዎች ሰፈሮች የጅምላ እስር በማስከተሉ ብርቱ ነቀፌታ ገጥሞታል።

ማርች 3 ቀን 1991 ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ የተቀረጸው ቪዲዮ በቴሌቪዥን ተሠራጨ። የፖሊስ ኮሚሽኑ ጌትስን ለ60 ቀናት ከሥራ ቢያግድም፣ በከተማው ምክር ቤት ድጋፍና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በጁላይ የክሪስቶፈር ኮሚሽን ከልክ ያለፈ ኃይል የሚጠቀሙ ፖሊሶች በአለቆቻቸው እየታወቁ እንዳልታረሙ አረጋግጦ፣ አዛዡ ሥልጣን እንዲለቁ ሐሳብ አቀረበ። ከንቲባው ቶም ብራድሊም ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ሆኖም ማስገደድ የሚችል አካል ስላልነበረ ጌትስ አንድ ዓመት ያህል በሥልጣን ቆዩ።

ኤፕሪል 29 ቀን 1992 የተከሰሱት አራት ፖሊሶች ጥፋተኛ ሳይባሉ በመቅረታቸው ሁከት ተቀሰቀሰ። በዚያው ምሽት ጌትስ የቻርተር ማሻሻያ ሐሳብን ለመቃወም በተዘጋጀ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ተገኝተው ነበር። በሁከቱ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ንብረትም ወደመ።

በጁን 1992 መራጮች ማሻሻያውን አጸደቁ፤ የአዛዡ ሹመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚታደስ የአምስት ዓመት ዘመን ተወሰነ። ጌትስም በዚያው ወር መጨረሻ ለቀቁ። ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፣ ፖሊስን ከፖለቲከኞች ጫና የሚጠብቅ ሕግ የተጠያቂነትን መንገድ አብሮ ካልደነገገ፣ ለሕዝብ ጥቅም የቆመው ከለላ የባለሥልጣኑ መከታ ሆኖ ይቀራል።