የመሬት መዝገብ ለሕዝብ ስለ መገለጡ



ቀድሞ አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል የነበረው፣ ሕዝብ ያልሰማው ትእዛዝ ፍሬ እንደማይሰጥ ስለ ታወቀ ነው። የመሬትም ነገር እንደዚሁ ነበር። ጥንት ርስትና ጉልት ሲሰጥ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ እየተጻፈ የምስክሮች ስም ይጨመርበት ነበር፤ ጽሕፈት ያለ ምስክር ብቻውን እንደማይበቃ አባቶች ያውቁ ነበርና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ፣ ብዙው ገበሬ ስለሚያርሰው መሬት በእጁ የሚያሳየው ጽሑፍ ሳይኖረው ብዙ ዘመን ኖረ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማም በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ተጀመረ። በአማራ ክልል ሕዝቡ ኮሚቴ መረጠ፤ መሬቱ ጎረቤት ባለበት ተለካ፤ መዝገቡም ሳይጸድቅ በፊት ለሕዝብ ተገልጦ፣ ስሕተት ያየ ሰው እንዲናገር ተፈቀደ። በምስክር ወረቀቱም ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ተጻፈ።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጸሐፊ በቢሮ ተቀምጦ ወሰኑ ከዋርካው ወዲህ ይሁን ወዲያ አያውቅም፤ ጎረቤት ግን ያውቃል። ስለዚህ መዝገብን የሚያቃናው የሕዝብ ዓይን ነው።

ነገር ግን አንድ ጊዜ ተገልጦ የተዘጋ መዝገብ ያረጃል። ባል ይሞታል፤ ልጆች ይካፈላሉ፤ ለውጡ ካልተጻፈ መዝገቡ የሙታን ስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። በዚያን ጊዜ የሚጎዱት ተከራካሪ የሌላቸው መበለትና ሙት ልጅ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ካርታው ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ እየተሠራ፣ መዝገቡም በኮምፒውተር መያዝ ስለ ጀመረ፣ ሥራው ቢፈጥንም ፊደል ካልቆጠረው ገበሬ ዓይን እንዳይርቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም ሰው ሁሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ ሹም የሆነ ሁሉ፣ የቀበሌው ሕዝብ በተሰበሰበ ቀን የመዝገቡን ለውጥ በቃል ያስነብብ፤ በሰሌዳም ይለጥፍ፤ አቤቱታ ላቀረበም መልሱን በጽሑፍ ይስጥ። እንዲህ የሚያደርግ ሹም የድንበር ጠብን ከሥሩ ይነቅላል፤ በሕዝቡም ዘንድ ይታመናል።