የሟሸ ጀበና

ጀበና ክብ ሆድ፣ ቀጭን አንገትና አንድ እጀታ ያለው የቡና ማፍያ ሸክላ ነው። አንዳንዱ ከሆዱ ለብቻ የወጣ መቅጃ አለው። በትግራይና በኤርትራ የተለመደው ግን መቅጃ የለውም፤ ቡናው በገባበት አፍ ይቀዳል፣ አተላው እንዳይከተል አፉ ላይ ማጥለያ ይወተፍበታል። ቂጡ ክብ ስለሆነ ከእሳት ሲወርድ ማቶት ላይ ይቀመጣል።

ሠሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ የሚሠሩትም ያለ መንኮራኩር በእጃቸው ነው። አፈሩ ተወቅጦና ተነፍቶ ይቦካል፤ በብዙ ቦታ የተፈጨ ገል ይጨመርበታል። ገሉ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ስለሆነ እንደ ጥሬው ጭቃ አይኮማተርም፣ ለእንፋሎቱም መውጫ ይከፍታል፤ ስለዚህ ጀበናው ሲደርቅም ሲተኮስም በቀላሉ አይሰነጠቅም። ሆዱ ጠንከር ሲል አንገቱ ይቀጠልለታል፤ ከዚያ ገጹ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ይወለወላል። ጀበና ላይ የሚታየው ማብረቅረቅ የዚህ እሽት ውጤት ነው፤ የመስታወት ሽፋን የለውም።

የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በኩበትና በእንጨት ነው። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካላለፈ ጭቃው ጭቃነቱን አይለቅም፤ ውሃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጥቁረቱን ነው። ገዢው ግማሹ ቀለም ይመስለዋል፣ ግማሹ ጥላሸት። ሁለቱም አይደለም። በሸክላ አፈር ውስጥ ብረት አለ፤ አየር እንደልቡ እያገኘ ሲተኮስ ብረቱ ሸክላውን ቀይ ያደርገዋል፤ ጡብና ምጣድ የሚቀሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ጀበናው ግን ፍም እንደመሰለ በረጅም እንጨት ተነሥቶ ጭድ፣ ቅጠል ወይም ፍግ ውስጥ ይታፈናል። የታፈነው እሳት የሚነድበት አየር ሲያጣ ከሸክላው ብረት ላይ ኦክሲጅን ይነጥቃል፤ ቀዩ ብረት ወደ ጥቁር ይለወጣል። ጢሱም ካርቦኑን ይዞ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይገባል። ስለዚህ ጥቁረቱ ያለው ሸክላው ሥጋ ውስጥ ነው፤ ጀበና ተሰብሮ ገሉ በጎኑ ቢታይ ጥቁረቱ ከላዩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገኛል። ላዩ ላይ ያረፈ ጥላሸት ቢሆን ኖሮ እርጥብ ጨርቅ ያስለቅቀው ነበር። በተቃራኒው፣ ያው ጥቁር ሸክላ ነፋስ እያገኘ ደጋግሞ ሲግል ካርቦኑ ይቃጠላል፣ ብረቱም ተመልሶ ይቀላል። ለዓመታት ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና አንገቱ ጥቁር ሆኖ ቂጡ አመድማ ወይም ቀላ ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያ የተበላሸ ቦታ አይደለም፤ ጀበናው ለጌጥ ሳይሆን ለቡና መዋሉን የሚናገር ምልክት ነው።

አዲስ ጀበና ቀዳዳው ገና ክፍት ስለሆነ ላብ ያወጣል፣ ቡናውንም አፈር አፈር ያሰኘዋል። መድኃኒቱ ማሟሸት ነው። ውሃ ተሞልቶ በለዘብተኛ እሳት ይፈላል፤ ከዚያ የቡና አተላ እየተመላለሰ ይፈላበታል። የአተላው ቅባትና ደቃቅ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ምጣድ በጎመንዘር እንደሚሟሸው ማለት ነው። ታዲያ ከገበያ እንደመጣ ደማቅ ፍም ላይ ጥደው ሲሰነጠቅባቸው ሸክላ ሠሪዋን የሚረግሙ አሉ። በግድግዳው ውስጥ የቀረ እርጥበት ድንገት እንፋሎት ሲሆን መውጫ ፍለጋ ሸክላውን ይገፈትረዋል፤ ጥፋቱ የቸኳዩ ነው። ከእሱ የሚብሰው የሟሸውን ጀበና ጥላሸት ያዘው ብሎ በሽቦና በፈሳሽ ሳሙና የሚፈገፍገው ነው። ሳሙናው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ የሚፈላው አቦል ሳሙና ሳሙና ይላል፣ የዓመታት ሙሸትም አብሮ ይሄዳል። ጀበና በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ አፉን ወደታች ተደፍቶ ቢደርቅ በቂው ነው።

አሮጌ ጀበና የሚሰበስቡ ሰዎች በአጠባ ረገድ ከአሮጌ ጠርሙስ ሰብሳቢዎች ይለያሉ፣ መለየትም ይገባቸዋል። ጠርሙስ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው የቅርጹን ስፌት ነው፤ መስመሩ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከወጣ ጠርሙሱ የማሽን ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ጠርሙስ የበዛው ማይክል ኦውንስ በ1903 እ.ኤ.አ. ከሠራው ጠርሙስ አምራች ማሽን ወዲህ ነው። ጠርሙስ ታጥቦ ቢጠራ ዋጋው ይጨምራል። ጀበና ግን ስፌት የለውም፣ ዓመተ ምሕረት አይጻፍበትም፤ ዕድሜው የሚነበበው ከቂጡ ቃጠሎ፣ እጀታው ሥር ጣት ካለሰለሰው ቦታና ከአፉ ሽታ ነው። እያጠቡ ወደ መደርደሪያ የሚያወጡት ሰዎች የሚፈልጉትን ትዝታ ከእድፉ ጋር ይደፉታል።

በሸክላ ሰብሳቢዎች ዘንድ ስሟ የሚነሣው ወለቃ ናት፤ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር። ሴቶቹ ከጀበናና ከድስት ሌላ ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። ቤተ እስራኤሎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከተካሄዱት ትላልቅ ጉዞዎች ጋር አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሥራውን ጎረቤቶቻቸው ቀጠሉት። አዲስ አበባ ላይ ቀጨኔ በዚሁ ሙያ ትታወቃለች። በሁለቱም ቦታ ባለ እጇ “ቡዳ” እየተባለች ኖራለች። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ይሁንና ጀበናውን ከረከቦቱ አጠገብ በክብር የሚያስቀምጠው ቤት ሠሪዋን ከደጁ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል።

ክብ ቂጥ ለከሰል ምድጃ የተበጀ ነው። ለኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ፣ ጠፍጣፋ ቂጥ ያለው ጀበና ይሸጣል፤ እሱም ሸክላ እስከሆነ ድረስ እንደ ሌላው ይሟሻል። ሙቀቱ ከዝቅተኛው ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ባዶውን መጣድና ትኩሱን ጀበና በቀዝቃዛ ውሃ መለቅለቅ በየትኛውም ምድጃ ያሰነጥቀዋል።