ችፌ አይጋባም

በዚህ እትም ስለ ችፌ ጥቂት ልበላችሁ። ሐኪሞች ኤክዜማ የሚሉት ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በክርኔና በጉልበቴ መታጠፊያ አብሮኝ ስላደገ ጉዳዩ ይመለከተኛል። ዶርም ውስጥ ሳፋ ስዋስ "ይሄ ነገር አይጋባም እንዴ?" የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። አይጋባም! የሚጋቡት እከክና ጭርት ናቸው፤ እከክን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ተባይ ስትሆን ጭርት ደግሞ ፈንገስ ነው። ችፌ ግን ከራስ ቆዳ ነው የሚነሳው።

ጤነኛ ቆዳ ምርጊቱ እንደጠበቀ ግድግዳ ነው፤ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀራል፣ የውጩን ይመልሳል። የእኛ ቆዳ ምርጊቱ ተሰነጣጥቋል። እርጥበት ያመልጣል፣ ሳሙናውና አቧራው ይገባል፣ ሰውነትም ተቆጥቶ ያሳክካል። ሲታከክ ይቆስላል፣ ሲቆስል የባሰ ያሳክካል። ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው፤ አስም ባለበት ቤተሰብ በርከት ብሎ ይታያል (አባቴ አስም አለበት)። ከሚቀሰቅሱት መካከል በረኪና፣ የልብስ ሳሙና፣ ሽቶ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ላብና ጭንቀት ይገኛሉ። የእኔ በፈተና ሳምንትና በኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ይብሳል።

ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም፣ ግን ይያዛል። ለብ ባለ ውኃ ቶሎ ታጥቦ መውጣት፣ በፎጣ ሳይፈትጉ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ በማያሳክክበት ቀንም አይዘለልም። ልብስ ሲታጠብ ጓንት ይደረጋል፣ ጥፍር ያጥራል። ነጭ ሽንኩርት ፈጭታችሁ እሰሩበት የሚሉ አሉ፤ ቆዳ ያቃጥላልና እባካችሁ ተዉት።

የሚያስፈራኝ የቅባቱ ነገር ነው። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ሐኪም በሚያዘው መጠን ሲወሰድ ጥሩ ያክማል። ችግሩ ለፊት ማቅያ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ክሎቤታሶል የሚባለውን ኃይለኛ ስቴሮይድ መያዛቸው ነው። ጓደኛ "ለኔ ሠርቶልኛል" ብላ የምትሰጠን ቱቦ ይሄው ሊሆን ይችላል። ያለ ሐኪም ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። ጭርትን ችፌ ነው ብሎ የቀባ ሰው ደግሞ ማሳከኩ ጋብ ይልለትና ፈንገሱ መልኩን ለውጦ ይስፋፋበታል። ስለዚህ ከቅባቱ በፊት ቆዳው ይታይ። ቁስሉ ቢጫ ፈሳሽ ካመጣ ወይም ትኩሳት ከተከተለ ግን ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ መሄድ ነው።