የአካባቢ ምህንድስና ከተማሪው ምን ይጠይቃል?



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ «ልጁ ምን ይማር?» የሚል ነው። ሕክምናንና ሒሳብ አያያዝን ወላጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። «የአካባቢ ምህንድስና» ሲባል ግን የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ችግኝ ተከላና ወደ ጽዳት ዘመቻ ነው። በዚህም የተነሳ በሒሳብና በኬሚስትሪ የበረቱ ልጆች ይንቁታል፤ ከሒሳብ የሚሸሹት ደግሞ መሸሸጊያ ያገኙ መስሏቸው ይገቡበታል። ሁለቱም ወገኖች የሚጎዱት ትምህርቱ የሚጠይቀውን አስቀድመው ባለማወቃቸው ነው።

በአገራችን በዚህ ዘርፍ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አርባ ምንጭ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው ይህ ተቋም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። የውሃ አቅርቦትንና የአካባቢ ምህንድስናንም በአንድ ትምህርት ክፍል አጣምሮ ያስተምራል።

ዉዱእ የሚደረግበት ውሃ ሁሉ ይጠጣልን?

ኪታብ የቀራ ልጅ ሁሉ የጠሃራን ምዕራፍ ያውቀዋል። ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውሃ አያጠራም። አሁን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለን አንድ ጉድጓድ እናስብ። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ አይሸትም፤ ጣዕሙም ያው የውሃ ነው። ለዉዱእ የሚከለክል ነገር የለበትም። ነገር ግን በአካባቢው ካሉ ብዙ ጉድጓዶች እንደሚወጣው ውሃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ቢኖርበት፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚጠጡትን ሰዎች ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ያጎብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ደግሞ ዓይንም ምላስም አይለየውም። የሚለየው የላብራቶሪ መሣሪያ ነው፤ የሚያስተካክለውም ሙያተኛ ነው።

ዑለማዎቻችን ይህን ሙያ በሚገባው ቦታ አስቀምጠውታል። በ1409 ዓመተ ሂጅራ (1989 እ.ኤ.አ.) የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት መካ ላይ ተሰብስቦ ስለ ተጣራ የፍሳሽ ውሃ ሲመክር፣ አስቀድሞ የጠየቀው የማጣራቱን ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎችን ነበር። እነርሱም ዝቃጩ እንደሚለይ፣ አየር እንደሚገባበት፣ ጀርሞች እንደሚገደሉና በክሎሪን እንደሚታከም አስረዱ። ምክር ቤቱም የነጃሳው ጣዕም፣ ቀለምና ሽታ ምንም ሳይቀር ከጠፋ ውሃው ጧሂር ነው ሲል ወሰነ። ኢማሙ ገዛሊም (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ መጽሐፋቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች መድበዋቸዋል። ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከመርዝ መጠበቅ ከዚህ የሚርቅ አይመስለንም።

አምስቱ ዓመታት

ወደ ትምህርቱ እንግባ። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ተቀራራቢ ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ አመክንዮ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ወደ ምህንድስና ለሚሄዱት ደግሞ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ይሰጣል። ትምህርት ክፍል የሚመደበው በዚህ ዓመት ውጤትና በተማሪው ምርጫ ስለሆነ፣ «አንደኛ ዓመት ማሟያ ነው» ብሎ የሚዘናጋ ልጅ የፈለገውን ሳያገኝ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ከፍተኛ ሒሳብ፣ የፈሳሾች እንቅስቃሴ፣ የውሃ ኬሚስትሪና የረቂቅ ሕዋሳት ትምህርት ይመጣሉ። ቅየሳና ስታትስቲክስም አሉ። የሁሉ ሥር የሆነው ግን የገባውንና የወጣውን ማመዛዘን ነው። ለምሳሌ አንድ ጉድጓድ በሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ቢኖረው፣ በአቅራቢያው ያለ ምንጭ ደግሞ 0.5 ብቻ ቢኖረው፣ ሁለቱን ቀላቅሎ ወሰኑ ላይ ማድረስ ይቻላል። 40 ሊትር ከጉድጓዱ ሲወሰድ 120 ሚሊ ግራም፣ 60 ሊትር ከምንጩ ሲወሰድ 30 ሚሊ ግራም ይመጣል። ድምሩ በ100 ሊትር 150 ነው፤ ለአንድ ሊትር 1.5 ይደርሰዋል። ይህን የሱቅ ልጅም ይሠራዋል። ምንጩ በበጋ ሲቀንስ፣ የከተማው ሕዝብ ሲጨምር፣ በወንዝ ውስጥ ያለው ቆሻሻ እየፈሰሰ ሲበሰብስ ግን ሒሳቡ ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ ይሆናል። በሒሳብ የደከሙ ተማሪዎች ወደ ኋላ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው።

ላብራቶሪውም ትዕግሥት ይጠይቃል። የፍሳሽን ብክለት ለመለካት ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በጨለማ፣ ለ5 ቀናት ይቀመጣል። ረቂቅ ሕዋሳቱ ቆሻሻውን ሲመገቡ ምን ያህል ኦክሲጅን እንደ ጨረሱ ይታያል። የድፍርስ ውሃ ሙከራ ደግሞ በተርታ በተደረደሩ ብርጭቆዎች ይሠራል። በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ያለው አሉም ይጨመርና ጭቃው የትኛው ውስጥ ተሎ ተያይዞ እንደሚዘቅጥ ይጠበቃል። ሲበዛም ሲያንስም አይሆንም።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝም የዲግሪው አካል ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የክምር ከፍታና ተዳፋት፣ ከሥሩ የሚጠራቀመው ፈሳሽ፣ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ፣ እነዚህ ሁሉ የሚሰሉ ነገሮች ናቸው። ይህንን «የጥራጊ ትምህርት» እያሉ የሚያሾፉ ወገኖች ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተማሪው ከግቢ ወጥቶ በሥራ ቦታ ይለማመዳል፤ ተመልሶም የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በዚህ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ተማሪ ኮርሶቹን ሁሉ ቢያልፍም ዲግሪውን አይዘውም።

በአሜሪካ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦችም ሁኔታው ብዙ አይለይም። ኤ.ቢ.ኢ.ቲ. የተባለው የምህንድስና ትምህርት መዛኝ ተቋም ቢያንስ 30 ክሬዲት ሒሳብና ሳይንስ፣ 45 ክሬዲት የምህንድስና ትምህርት ይጠይቃል። ለዚህ ዘርፍ ደግሞ ኬሚስትሪን፣ ሥነ ሕይወትን፣ የመሬት ሳይንስንና የፈሳሾችን እንቅስቃሴ በስም ይጠቅሳል። ትምህርት ቤት ሲመርጡ የተቋሙ ዕውቅና መኖሩን ማጣራት ያሻል።

ስለ እህቶቻችን አንድ ነገር እንጨምር። «ሜዳ ለሜዳ መዞር አለበት» በሚል ሴት ልጆችን ከዚህ ትምህርት የሚከለክሉ ወላጆች አሉ። የመስክ ሥራ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን የላብራቶሪ፣ የዲዛይንና የውሃ ጥራት ቁጥጥር ሥራው ሰፊ ነው። በገጠር ውሃ የምትቀዳው እናት ወይም ልጅ ስለሆነችም፣ የጉድጓዱን ችግር ለሴት ባለሙያ ይበልጥ በነፃነት ትነግራታለች።

የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ሲመጣ ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ተማሪው ቀደም ብሎ ወደ ትምህርት ክፍሉ ጎራ ይበል፤ ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉትን ተማሪዎችም ያነጋግር። ባለፈው ዓመት ለልምምድ የት ተላኩ? ሙከራዎቹን በእጃቸው ሠሩ ወይስ በሥዕል ብቻ አዩ? ኬሚካሉስ አለ? ላብራቶሪው ተቆልፎ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ከጠፋም፣ ያው እርሱም መልስ ነው።